የጃንጥላው ዋጋ በውስጥ መስመር

ሊቁ፦ ዋጋ አይጻፍም አልኩሽ፣ አይጻፍም!

የዋሂት፦ ሳጥኑ እኮ "ዋጋ" ይላል።

ሊቁ፦ ይበል! ሳጥን ባዘዘኝ ነው እንዴ የምነግደው?

የዋሂት፦ ባዶውን ስትተወው መልሶ ይልክብሃል። ትናንት መለሰው፣ ዛሬ ጠዋትም መለሰው።

ሊቁ፦ ቅናት ነው።

የዋሂት፦ ኮምፒውተር ይቀናል?

ሊቁ፦ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ያለው ሰውዬ ነዋ!

[ሁለቱ ባልና ሚስት ናቸው። የምግብ ጠረጴዛቸው ላይ ኮምፒውተር ከፍተው ተቀምጠዋል። ባልየው ዕድሜ ልኩን መንገድ ማዕዘን ላይ ጃንጥላ ሲሸጥ ኖሮ፣ ጉልበቱ አልታዘዝ ሲለው ሱቁን ዘጋ። ያልተሸጡት ጃንጥላዎች ሁሉ የልጃቸው ክፍል ውስጥ ተከምረዋል፤ አልጋው ከታየ ሰንብቷል። ሰፈርተኛው ጥያቄ ሳያልቅ ስለሚመልስ "ሊቁ" ይለዋል። እሷን "የዋሂት" ያላት ደግሞ እሱ ራሱ ነው፤ ገና በሙሽርነቷ፣ እንግዳ ፊት። ያኔ ሚስት ባሏ ስም ሲያወጣላት ስቃ ዝም ትላለች እንጂ ምን ትላለች? ስሙም ለምዶባት ቀረ።]

የዋሂት፦ እስቲ እንደገና አስረዳኝ። እኛ ኮምፒውተሩ ላይ ሱቅ ከፍተናል አይደል?

ሊቁ፦ ከፍተናል።

የዋሂት፦ ታዲያ ይሄ መፈለጊያ የምትለው ደግሞ ምኑ ነው?

ሊቁ፦ [መነጽሩን ያወልቃል። መነጽሩን ካወለቀ ትምህርት ሊሰጥ ነው።] ስሚ። የኛ ሱቅ ጓሮ ውስጥ እንዳለ ሱቅ ነው፤ ማንም አያገኘውም። መፈለጊያው ዋናው መንገድ ነው። ሰው "ጃንጥላ" ብሎ ይጽፋል፤ እሱ የሱቆቹን ሁሉ ጃንጥላ ከነፎቶው፣ ከነስሙ፣ ከነዋጋው ጎን ለጎን ደርድሮ ያሳየዋል። ሰውየው ደስ ያለውን ነካ ሲያደርግ ቀጥ ብሎ ሱቃችን ይገባል።

የዋሂት፦ ከነዋጋው ነው የሚደረድረው?

ሊቁ፦ ከነዋጋው።

የዋሂት፦ እኛ ግን ዋጋ አንጽፍም።

ሊቁ፦ አንጽፍም!

የዋሂት፦ እህ።

ሊቁ፦ ገባሽ?

የዋሂት፦ ቀስ እያለ ይገባኛል።

ሊቁ፦ አንቺ ንግድ አታውቂም፣ አልፈርድብሽም። ዋጋውን ያወቀ ደንበኛ ምን ሊያደርግ ይመጣል? መጀመሪያ ይጠይቃል። አልነግረውም። ጃንጥላውን ከፍቼ አሳየዋለሁ። እንደገና ይጠይቃል። ስለ አባቱ ጤና እጠይቀዋለሁ። ሦስተኛ ሲጠይቅ ዕቃውን ወዶታል ማለት ነው፤ ያኔ እነግረዋለሁ። "ልሄድ ነው" ይላል። በሩን ሲያልፍ "ና እስቲ፣ ና!" እለዋለሁ። ንግድ ይሄ ነው። እና እዚህ ጋ "ዋጋ በውስጥ መስመር" ብዬ እጽፋለሁ፤ የፈለገ ይጻፍልኝ፣ በውስጥ እንነጋገራለን።

የዋሂት፦ ጻፈው እንግዲህ።

ሊቁ፦ [ይጽፋል። ኮምፒውተሩ ሳጥኑን ቀይ ያደርግበታል።] ምን ሆኖ ነው የሚቀላው?

የዋሂት፦ ቁጥር ብቻ ነው የምቀበለው ይላል፤ ከሥሩ ተጽፏል።

ሊቁ፦ አይቼዋለሁ!

የዋሂት፦ ይሄ ፎቶስ ምንድን ነው? ጭስ ነው?

ሊቁ፦ ጃንጥላ ነው! ሆን ብዬ አደብዝዤው ነው። ጥርት አድርጌ ካነሳሁት ሰው አይቶ ይቀዳዋል።

የዋሂት፦ ጃንጥላ እኮ ሁሉም ሰው አይቷል።

ሊቁ፦ የኛን አላየም።

የዋሂት፦ የዕቃው ስም ላይ ደግሞ "ያላየ ይቆጨዋል" ብለሃል።

ሊቁ፦ አዎ! ሱቁ በር ላይ ምን ብዬ ነበር የምጣራው?

የዋሂት፦ እሱንማ አስታውሳለሁ። ግን ሰው "ጃንጥላ" ብሎ ነው የሚፈልገው አላልከኝም? "ያላየ ይቆጨዋል" ብሎ የሚፈልግ ማን ነው?

ሊቁ፦ የሚቆጨው ሰው ነዋ!

[የዋሂት ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች። ስትስቅ እንዳያያት ነው። ድምፁን ግን ታስታውሳለች። በወጣትነቷ በዚያ ማዕዘን ስታልፍ "ያላየ ይቆጨዋል!" ሲል ሰምታ፣ እንዳይቆጫት ገባች። ዋጋ ብትጠይቅ አልነግር አላት፤ ተናዳ ወጣች። ውጭ ዶፍ ይጥል ነበር። እሱም ሱቁን ከፍቶ ትቶት፣ ጃንጥላውን ዘርግቶ ከኋላዋ ሮጠ፤ እስከ ቤቷ ድረስ ያዘላት። ያ ጃንጥላ ዛሬም አላት። ዋጋውን ግን እስከ ዛሬ አልነገራትም።]

የዋሂት፦ ልጅቷ ደውላ ነበር።

ሊቁ፦ ምን አለች?

የዋሂት፦ ሆዷ ገፍቷል። "እማዬ፣ ክፍሌ ተለቀቀ ወይ?" አለችኝ። ካልተለቀቀ አማቷ ቤት ሄዳ ልትወልድ ነው። አማቷ ክፍሉን ቀለም አስቀብታ፣ መጋረጃ ሰቅላ ትጠብቃታለች።

ሊቁ፦ አማቷ ምን ታውቃለች!

የዋሂት፦ ምንም አታውቅ፣ ግን ባዶ ክፍል አላት። የመጀመሪያ የልጅ ልጄን ሰው ቤት ሄጄ፣ ጫማዬን በር ላይ አውልቄ፣ እንደ እንግዳ ልየው? ትናንት በሩን ልከፍት ብል ክምሩ ተንዶ አልከፈት አለኝ። አንዱ ጃንጥላ በበሩ ስንጥቅ ወጥቶ ቀሚሴን ያዘኝ።

ሊቁ፦ ሁሉም ይሸጣል። ታገሺ።

የዋሂት፦ እስኪሸጥ ወደ ቢሮህ እናስገባቸው?

ሊቁ፦ ወደ ቢሮዬ? ቢሮዬ እኮ ማሰቢያዬ ነው!

የዋሂት፦ ወንበር ብቻ ነው ያለው። እሱም የምትተኛበት።

ሊቁ፦ ተኝቼ ነው የማስበው! ቢሮዬን የነካ እኔን ነካ። ... ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ። አገኘሁት! ቁጥር ነው አይደል የሚፈልገው?

የዋሂት፦ ቁጥር ብቻ።

ሊቁ፦ ስልክ ቁጥር ምንድን ነው?

የዋሂት፦ ስልክ ቁጥር... ቁጥር ነው።

ሊቁ፦ [ስልክ ቁጥሩን የዋጋው ሳጥን ውስጥ ይሞላና ይልከዋል። ኮምፒውተሩ ትንሽ አስቦ አረንጓዴ ይሆናል።] ተቀበለ! ተቀበለ! አየሽ? ደንበኛው ዋጋውን ሲያይ ስልኬን ያያል፤ ይደውላል፣ እንነጋገራለን። ይቺን ያሰበ ነጋዴ የለም!

የዋሂት፦ እሱስ እውነትህን ነው፤ ማንም አያስባትም።

[ጥቂት ቀናት ያልፋሉ። እነዚያን ቀናት የዋሂት ከልጇ ጋር ስልክ ላይ ብዙ ተንሾካሹካለች፤ ባሏ ቢሮው ገብቶ "ሲያስብ" ደግሞ ነጭ አንሶላ፣ መጥረጊያና ስልኳን ይዛ ወደ ልጅቷ ክፍል ስትገባ ታይታለች። አሁን ሶፋው ላይ ተቀምጣ የሕፃን ልብስ ታጥፋለች። ሊቁ ስልክ አነጋግሮ ጠረጴዛው ላይ ይወረውረዋል።]

የዋሂት፦ ማን ነው የደወለው? ገዢ ነው?

ሊቁ፦ ባለጌ ነው። "አባባ፣ እጀታው ወርቅ ነው እንዴ?" ይለኛል።

የዋሂት፦ ስልክህን ዋጋ መስሎት ይሆናላ።

ሊቁ፦ ማሰብ አይችልም?

የዋሂት፦ በዚያ ዋጋ እኮ ይሄ ሰፈር ከነነዋሪው ይገዛል።

ሊቁ፦ ውድ መባል ክብር ነው። መፈለጊያው ላይ ከኛ በላይ ውድ ጃንጥላ የለም፤ አንደኛ ነን።

የዋሂት፦ አንደኛ? ከላይ?

ሊቁ፦ ከታች። [ኮምፒውተሩን እየነካካ] ወደ ታች ወርደሽ፣ ወርደሽ፣ ወርደሽ... እ? ምንድን ነው ይሄ? አንቺ! ነይ እዪ! ተዘረፍን!

የዋሂት፦ ምነው? ምን ሆነ?

ሊቁ፦ የኛን ጃንጥላ የሚሸጥ ሰው መጥቷል! ያው ጥቁሩ፣ ያው ረጅሙ። ያውም ከላይ ነው ያለው! ሱቁን ምን ብሎ እንደሰየመው ታውቂያለሽ? "ባዶ ክፍል"! አሁን ይሄ ስም ነው? ሱቄ ውስጥ ምንም የለም ብሎ በአደባባይ መናገር ነው እኮ!

የዋሂት፦ ምን አስቦ ይሆን?

ሊቁ፦ ጅል ምን ያስባል? ስሙን ተመልከቺልኝ፦ "ጥቁር ጃንጥላ፣ ረጅም፣ እጀታው እንጨት።" አለቀ። ማማለያ የለው፣ ማጓጊያ የለው። ፎቶውም ጥርት ብሏል፤ ሽቦው ሳይቀር ይቆጠራል። ደግሞ የቆመበት ግድግዳ ስንጥቅ አለበት። ልክ የልጅቷ ክፍል ግድግዳ ላይ ያለውን ስንጥቅ ይመስላል። ምስኪን ነገር ሳይሆን አይቀርም።

የዋሂት፦ አንጀት ይበላል።

ሊቁ፦ ጉዱን ስሚ ደግሞ፤ ዋጋውን ጽፎታል! ቁጭ አድርጎ! ለዓለም ሁሉ!

የዋሂት፦ እየተሸጠለት ነው?

ሊቁ፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ገዝተው ያመሰገኑት አሉ። እነሱም እንደሱ ናቸው። ቆይ፣ አሁን ንግድ ምን እንደሆነ ላሳየው። በውስጥ መስመር እጽፍለታለሁ። [እየጻፈ] "የመጨረሻው ስንት ነው?"

[ከሕፃኑ ልብስ ሥር የየዋሂት ስልክ "ቲንግ!" ይላል።]

ሊቁ፦ ማን ነው?

የዋሂት፦ [ስልኳን እያየች] ስለ ክፍሉ ነው።

ሊቁ፦ ልጅቷ ታጨናንቀናለች። መልሺላት፣ መልሺላት።

[የዋሂት በአንድ ጣቷ፣ ፊደል እየለቀመች ትጽፋለች።]

ሊቁ፦ አሃ፣ ጅሉ መለሰ! "የመጨረሻው የተጻፈው ነው። እናመሰግናለን።" እናመሰግናለን ይለኛል እንዴ? ገና ምን አደረኩለት? ቆይ። "ብዙ ብወስድስ?"

[ቲንግ!]

ሊቁ፦ ዛሬ ምን ሆናለች ይቺ ልጅ?

የዋሂት፦ ቀኗ ደርሷል እኮ፤ ነገሩ አስጨንቋታል። [ትጽፋለች።]

ሊቁ፦ "ብዙም ቢወስዱ ዋጋው የተጻፈው ነው።" አይ ግትርነት! አንድ ቃል አላት እሷኑ ይደጋግማል። በይ አሁን የመጨረሻዋን ጥይት እተኩሳለሁ። [ይጽፋል።] "ልሄድ ነው!"

[ይሄን ሲጽፍ ሳያውቀው ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ ጀርባውን ለኮምፒውተሩ ሰጥቶ ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ይራመዳል። ቲንግ! የዋሂት ከመነጽሯ በላይ አሻቅባ ታየዋለች። ያ ጀርባ ትንሽ ጎብጧል እንጂ የድሮው ነው። ለአንድ አፍታ ልቧ "ና እስቲ፣ ና!" በይው ይላታል። ከዚያ የልጇን ሆድ ታስባለች፤ ጣቷም ትጽፋለች።]

ሊቁ፦ [ተመልሶ እያነበበ] "መልካም መንገድ።" መልካም መንገድ! ደንበኛ ሲሄድ መልካም መንገድ ይባላል? ከበር ላይ መጥራት እንኳ አያውቅም! እናቱ ምን አስተማረችው?

የዋሂት፦ ተወው በቃ፤ ይሽጥ።

ሊቁ፦ ምን ተወው? እሱ ዋጋ ጽፎ እዚያ ላይ እስከተቀመጠ ድረስ ለኔ ማን ይደውላል? አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው። ያለውን ሁሉ እገዛዋለሁ።

የዋሂት፦ ምንን?

ሊቁ፦ ጃንጥላውን ሁሉ! አንድ ሳላስቀር። እሱ ባዶ እጁን ይቀራል። ከዚያ መፈለጊያው ላይ ጃንጥላ ያለው ማን ነው? እኔ። ወደው ሳይሆን በግዳቸው ይደውሉልኛል።

የዋሂት፦ አንተ ሰውዬ፣ ጃንጥላ የሞላበት ቤት ውስጥ ሆነህ ጃንጥላ ልትገዛ ነው?

ሊቁ፦ ይሄ መግዛት አይባልም፤ ስልት ነው።

የዋሂት፦ ተው፤ ይቅርብህ። በኋላ ይቆጭሃል።

ሊቁ፦ የዋሂትዬ፣ በማታውቂው አትግቢ።

የዋሂት፦ በምን ልትከፍል ነው?

ሊቁ፦ ለቴሌቪዥን ባስቀመጥኩት።

የዋሂት፦ ለሕፃን አልጋ ስጠይቅህ የለኝም ያልከው?

ሊቁ፦ ያኔ ለአልጋ የለኝም ነው ያልኩት። ለስልት አለኝ።

የዋሂት፦ ሱቁ እኮ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም ይላል።

ሊቁ፦ አንቺ የት አየሽው?

የዋሂት፦ ... አንተ ስታነብ የሰማሁ መሰለኝ።

ሊቁ፦ የምን መመለስ! [እየጻፈ] ስሜን ካየ ይነቃብኛል። "ታላቁ ጅምላ አከፋፋይ" እላለሁ። አድራሻውንም በዋናው በር አልሰጥም፤ ጎረቤት ያያል። በጓሮው በር፣ በመንገድ በኩል፣ ቀጥታ ወደ ቢሮዬ።

የዋሂት፦ ቢሮህ ማሰቢያ አይደለም እንዴ?

ሊቁ፦ ለጊዜው ነው።

የዋሂት፦ ለልጅህ ሲሆንስ ለጊዜው አይሆንም ነበር?

ሊቁ፦ ያኛው ዕቃ ማከማቸት ነው። ይሄኛው ግን...

የዋሂት፦ ስልት ነው። ገባኝ።

[ሊቁ ጣቱን ከፍ አድርጎ "ግዛ" የሚለውን ይነካል። ቲንግ! የዋሂት ስልኳን አይታ፣ አጣጥፋ ከጨረሰችው የሕፃን ልብስ ላይ በቀስታ ታስቀምጠዋለች።]

ሊቁ፦ ደግሞ ልጅቷ?

የዋሂት፦ አዎ። ክፍሉ ተለቀቀ።

ሊቁ፦ [ሳይሰማት] ጥሩ፣ ጥሩ።

[በማግስቱ ጠዋት ሊቁ ጸጉሩን ሊስተካከል ይወጣል፤ ድል ያደረገ ሰው ተላጭቶ ነው የሚታየው። እሱ በወጣበት የዋሂት የጠራችው ባለ ጋሪ በዋናው በር ገብቶ፣ ጋሪውን ሞልቶ ይወጣል። እሱ ሲመለስ ያው ባለ ጋሪ፣ ያውን ጋሪ እየገፋ፣ ቤቱን ዞሮ የጓሮውን በር ያንኳኳል። ሊቁ እቅፍ እቅፍ እያደረገ ሁሉንም ቢሮው ውስጥ ይከምራል፤ ወንበሩ መጀመሪያ እግሩ፣ ቀጥሎ መደገፊያው ይሰወራል። በሩን በትከሻው ገፍቶ ከዘጋ በኋላ ላቡን እየጠረገ ወደ ቤት ሲገባ፣ የልጅቷ ክፍል ወለል ብሎ ተከፍቷል። የዋሂት ወለሉን እየወለወለች ነው። አልጋው ይታያል። መስኮቱም ይታያል፤ እዚያ መስኮት እንደነበረ ሁለቱም ረስተውት ነበር።]

ሊቁ፦ የታሉ?

የዋሂት፦ እነማን?

ሊቁ፦ ጃንጥላዎቼ!

የዋሂት፦ ተሸጡ።

ሊቁ፦ ተሸጡ? ሁሉም? [በደስታ] አላልኩሽም! ደወሉ ማለት ነው! በስልኬ ቁጥር ገዙት?

የዋሂት፦ በተጻፈ ዋጋ ነው።

ሊቁ፦ ማን ነው የገዛው?

የዋሂት፦ አንድ ትልቅ ሰው ነው። "ታላቁ ጅምላ አከፋፋይ" ይባላል።

[ሊቁ ክፍሉን ያያል። ግድግዳው ላይ ያለውን ስንጥቅ ያያል። ጥግ ላይ የተሰቀለውን ነጭ አንሶላ ያያል። መነጽሩን ያወልቃል፤ የሚሰጠው ትምህርት ግን አልመጣለትም።]

ሊቁ፦ ባዶ... ክፍል።

የዋሂት፦ ይኸው፣ ባዶ ነው።

ሊቁ፦ ጅሉ... አንቺ ነሽ?

የዋሂት፦ ልጅህ በስልክ አስተማረችኝ። ስሙ ላይ የዕቃውን ስም ጻፊ አለችኝ፤ ጻፍኩ። ዋጋው ላይ ዋጋውን ጻፊ አለችኝ፤ ጻፍኩ። ሌላ ብልሃት የለውም።

ሊቁ፦ እኔ መሆኔንስ አላወቅሽም ነበር?

የዋሂት፦ "ልሄድ ነው" ብለህ ስትጽፍ እኮ ከወንበርህ ተነስተህ ሄድክ።

ሊቁ፦ እያወቅሽ ዝም አልሽኝ?

የዋሂት፦ ተው አላልኩህም? ይቆጭሃል አላልኩህም? በማታውቂው አትግቢ አልከኝ። አልገባሁም።

ሊቁ፦ ገንዘቡስ?

የዋሂት፦ የሕፃን አልጋ ሆኗል። ከሰዓት በኋላ ይመጣል፤ ልጅቷም ነገ ትገባለች። አማቷም ትምጣና እዚህ ጫማዋን አውልቃ ትየው።

ሊቁ፦ እና እኔ የት ሄጄ ላስብ?

የዋሂት፦ ጃንጥላዎቹን ዘርግተህ ከሥራቸው።

[ሊቁ አልጋው ጫፍ ላይ ዝርፍጥ ብሎ ይቀመጣል። ከበሩ ኋላ አንዲት ጃንጥላ ተሰቅላ ያያል፤ ጨርቋ የነተበ፣ እጀታዋ በእጅ ብዛት የለሰለሰ።]

ሊቁ፦ ይቺ ለምን ቀረች? ይቺንስ አልገዛሁም?

የዋሂት፦ እሷ ላይ ዋጋ አልተጻፈባትም።

[ያውቃታል። ትንሽ ያያትና ጉሮሮውን ይጠርጋል። ከዚያ የነጋዴ ነፍሱ ትመለሳለች፤ ድምፁን አለስልሶ ጠጋ ይላል።]

ሊቁ፦ የልጄ እናት... መቼም የከፈልኩት እንዳለ አይቀርም። ለኔ ለባልሽ ትንሽ ቅናሽ አይኖርም? እስቲ ንገሪኝ፣ የመጨረሻው ስንት ነው?

የዋሂት፦ [መነጽሯን ታወልቃለች።] ለቅናሽ በውስጥ መስመር ያናግሩን።